ቡፌ ውስጥ የተቆለፈው ዋይፋይ

አንድ ሰው ነበረ። ቤት የሠራ፣ ልጆች ያሳደገ፣ በሰፈሩ የተከበረ ሰው ነው። ስሙን አልነግርህም፤ ብነግርህ ነገ መንገድ ላይ ስታገኘው ትስቅበታለህ። አንተ ደጀኔ፣ የጠየቅከኝ ስለ ልጅህ ነው። «ጋሼ፣ ልጄን ከዓይኔ ብሌን አስበልጬ እወደዋለሁ፤ እሱ ግን የምወደው አይመስለውም፤ ምን ላድርግ?» አልከኝ። ሰምቻለሁ። እኔ ደግሞ ስለ ዋይፋይ ልነግርህ ነው። ፊትህን አታጨማድድ። ተማሪዬ በነበርክ ጊዜም ምሳሌ ስጀምር ፊትህን ታጨማድድ ነበር፤ መጨረሻው ላይ ግን ቀድመህ እጅ የምታወጣው አንተ ነበርክ።

ይህ ሰው እናት ነበረችው። ወድቃ ዳሌዋ ከተሰበረ ወዲህ ከአልጋ አልወረደችም፤ ሐኪሙም እንዳትነቃነቅ ብሏል። የምትተኛው ከኮሪደሩ ጫፍ፣ በመጨረሻዋ ክፍል ነው። ክፍሏ ንጹሕ ነው፣ አንሶላዋ በየጊዜው ይቀየራል፣ ምግቧ በሰዓቱ ይገባላታል። የጎደለቻት ልጇ ናት። የሰውየው ታናሽ እህት አዋላጅ ነርስ ነች፤ የተመደበችው በረሃ ውስጥ፣ ስልክ እንኳ በማይሠራበት ወረዳ ነው። እሑድ እሑድ በጭነት መኪና ወደ ከተማ ትወጣና ገበያዋን ትገዛለች፤ ከዚያ መኪናው እስኪመለስ ድረስ ለእናቷ በቪዲዮ ትደውላለች። እናትየው ሳምንቱን የምትገፋው ያቺን ሰዓት እያሰበች ነው። ከቅዳሜ ጀምራ ፀጉሯን ታስበጥራለች።

ሰውየው እናቱን ይወዳታል። ይህን ያዝልኝ፤ ኋላ እፈልገዋለሁ። በዚያ ሰፈር የስልኩ የራሱ ኔትወርክ ቪዲዮ አይችልም። ስለዚህ ለዚህች ጥሪ ብሎ፣ ሌላ ነገሩን አቆይቶ፣ ቤቱ ዋይፋይ አስገባ።

ራውተር የሚሉት ነጩ ሳጥን የመጣ ቀን ቤቱ እንግዳ የገባበት መሰለ። የት እናስቀምጠው ተባለ። ሚስትየው «እንዲህ ያለ ዕቃማ መሬት ላይ አይቀመጥም፤ ልጆቹ ይነካኩታል፣ አቧራ ይበላዋል» አለች። እውነቷን ነው፤ እኛ አገር የከበረ ዕቃ የት እንደሚቀመጥ ማንም ያውቀዋል፤ ቡፌ ውስጥ ነው። የእነሱ ቡፌ ደግሞ ቡፌ ነው! ጀርባው ፊት የሚያሳይ መስታወት፣ በሩ መስታወት። ሳጥኑን ከኋላ አስቀመጡት። ከፊቱ ለእንግዳ ብቻ የሚወጡት ሰፋፊ የብረት ትሪዎች ቆሙ፣ ከትሪዎቹ ጎን ፔርሙዞቹ ተደረደሩ። ትርፉ ገመድ እንዳያስጠላ ተጠቅልሎ በክር ታሰረ። ሚስትየው በእጇ የሠራችውን ዳንቴል አለበሰችው። ከዚያ ቡፌው ተቆለፈ፤ ቁልፉንም እሷ ያዘች። ሳሎን የተቀመጠ እንግዳ አረንጓዴዋ መብራት በትሪዎቹ መካከል ብልጭ ድርግም ስትል ያያል፤ «ዋይፋይ አስገባችሁ እንዴ?» ይላል፤ ሰውየውም ደስ ይለዋል።

እሑድ ሆነ። እህቱ ደወለች። ሰውየው ስልኩን ለእናቱ ሰጥቶ ወደ ሳሎን ተመለሰ። እናትየው «እንዴት ሰነበትሽ ልጄ» ብላ ሳትጨርስ የልጅቷ ፊት እንደ ፎቶ ደርቆ ቀረ። ድምፁ ተቆራረጠ፣ ከዚያ ጥሪው ተዘጋ። እንደገና ተደወለ፤ እንደገና ተዘጋ። በሚቀጥለው እሑድም እንዲሁ፣ ከዚያ በኋላም እንዲሁ ሆነ።

ይህ የዕቃ ጉዳይ ቢሆን ኖሮ አልነግርህም ነበር። ነገር ግን የታመመ ሰው ቀኑን ሙሉ ጣራ እያየ ያስባል። እናትየውም አሰበችና «ይህቺ ልጅ ሰልችታኛለች» አለች። «ገና መናገር ስጀምር ፊቷ ድርቅ ይላል፤ ከዚያ ትዘጋብኛለች።»

«እማዬ፣ ኔትወርክ ነው እኮ» አላት ልጇ።

«ኔትወርክ! ሳሎን ልጆችህ ሲያወሩበት ይሠራል አይደል? እኔ ጋ ሲመጣ ነው የሚታመመው?»

እሱም የገባው ነገር አልነበረም። ሳሎን ሆኖ ሲሞክረው ስልኩ ይበራል፣ ቪዲዮው እንደ ውሃ ይፈስሳል። እሷ ጋ ሲገባ ይሞታል።

ሰውየው ሰነፍ አይደለምና ተነሣ። ራውተሩን ከሶኬቱ ነቀለ፣ ጥቂት ቆይቶ ሰካ። ስልኩን አጠፋ፣ አበራ። ስልኩ ዋይፋዩን እንዲረሳው አድርጎ ፓስወርዱን እንደ አዲስ አስገባ። ይህን ሁሉ ያደረገው ሶፋው ላይ ተቀምጦ ነው፤ ሶፋው ላይ ደግሞ ሁሉም ነገር ሠራ። «አለቀ» አለ። እሑድ ሲደርስ አላለቀም።

ከዚያ ሰው ጠረጠረ። ችኩል ጅብ ቀንድ ይነክሳል ይባል የለ? አጥር የሚጋሩት ጎረቤታቸው ከግንቡ ሥር ስልኳን ጆሮዋ ላይ ለጥፋ ስታወራ አያትና «እትዬ፣ ዋይፋዬን እየጠጣሽብኝ ነው፤ እናቴ ከልጇ ጋር ማውራት አቃታት» ብሎ ተናገራት። ሴትዮዋ ስልኳን ከጆሮዋ አውርዳ አሳየችው። ቁልፍ ያለው፣ በጎማ ላስቲክ የታሰረ አሮጌ ስልክ ነው። «ይሄ ዋይፋይ ከጠጣማ እኔም ዛሬ ውስኪ እጠጣለሁ» አለችው። አንገቱን ደፍቶ ገባ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ባየችው ቁጥር ስልኳን ከፍ አድርጋ ታሳየዋለች፤ እስከ ዛሬም አልተወችውም።

ቀጥሎ ዋይፋዩን ያስገቡለትን ሰዎች ጠራ። መጡ፤ ጨዋ ልጆች ናቸው። ሳሎን ገቡ፣ ሳሎን ተቀመጡ፣ ሳሎን ውስጥ ለኩ። «በጣም ጥሩ ነው» አሉት፤ አልዋሹም። እሱም አመስግኖ ሸኛቸው። እናቲቱ ክፍል ድረስ ለመግባት አንዳቸውም አላሰቡም፤ የታመመ ሰው ያለበት ክፍል ነው፣ ያፍራሉ። ሰውየውም ግቡ አላላቸውም።

አንድ እሑድ የእድሩ ሴቶች እናትየውን ሊጠይቁ ተሰብስበው መጡ። ሚስትየው ቡፌውን ከፈተች፤ ትሪዎቹ ወጡ፣ ፔርሙዞቹ ወጡ፣ ሻይ ተቀዳ፣ ዳቦ ተቆረሰ። ጨዋታው ደምቆ ሳለ ስልኩ ጠራ። ሰውየው እንደ ልማዱ አስገብቶ ሰጣትና ወጣ። ትንሽ ቆየ፤ ከዚያ ከውስጥ ሳቅ ተሰማ። የእናቱ ሳቅ ነው! ከወደቀች ወዲህ እንዲህ ስትስቅ ሰምቷት አያውቅም። ልጅቷ መንታ ማዋለዷን፣ አባትየው ሁለቱን ሲያይ ከደጅ ሮጦ መጥፋቱን፣ ሽማግሌ ተልኮ መመለሱን ትነግራታለች። ሴቶቹ ትሪዎቹን አጥበው እስኪመልሱ ድረስ ጥሪው አንድ ጊዜ እንኳ አልተቆረጠም።

ሰውየው ይህን ካየ በኋላ ያሰበውን ብነግርህ ትስቃለህ። «ይህ ነገር ሰው ይወዳል» አለ። «እንግዳ ሲመጣ በረከት ይገባል፤ ኔትወርኩም ይመጣል።» ሚስቱ ሳቀችበት። እሱ ግን ለሚቀጥለው እሑድ የአጎቱን ልጆች ከነሚስቶቻቸው ጠራ።

መጡ። ነገር ግን የመጡት ከለቅሶ ቤት ነው። «ምንም እንዳታቀርቡ! እዚያ በልተናል፣ ጠጥተናል፤ እንዲያው ቁጭ ብለን እንሄዳለን» አሉ። ሚስትየው ብትለምን፣ ብትገዝት፣ አሻፈረኝ አሉ። ቡፌው ሳይከፈት ሁሉም ሶፋው ላይ ተደረደሩ። ስልኩ ጠራ። ሰውየው በተስፋ ይዞት ገባ። «ሄሎ እማ…» አለች ልጅቷ፤ ፊቷ ደረቀ፤ ተዘጋ።

እናትየው ስልኩን ገልብጣ ብርድ ልብሱ ላይ አስቀመጠችው። አልተቆጣችም፤ ብትቆጣ ይሻል ነበር። «በቃ ልጄ» አለችው ቀስ ብላ። «ሁለተኛ እንዳትደውል ንገርልኝ። ልጅ ተለምና አታወራም። እኔም ከዚህ በላይ አልለምንም።» ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች።

ሰውየው ሌላ ጊዜ ቢሆን «ይስተካከላል እማዬ» ብሎ ወደ እንግዶቹ ይመለስ ነበር። ያን ቀን እግሩ እምቢ አለው። ወንበር ሳበና አልጋዋ አጠገብ ተቀመጠ።

ደጀኔ፣ ልብ በል፤ ዋይፋዩ ከገባ ጀምሮ ሰውየው እዚያ ክፍል ሲቀመጥ ይህ የመጀመሪያው ነው። ስልኩን ሰጥቷት ይወጣ ነበር። አሁን ተቀምጦ ስልኩን አንሥቶ አየው። በስልኩ ራስጌ የምታውቃቸው ቅስቶች አሉ፤ አንዱ በአንዱ ላይ የሚደረደሩት። ሳሎን ሙሉ የሚሆኑት እዚህ ጠፍተው ከታች ያለችዋ ነጥብ ብቻ ቀርታለች። ዓይኑ እያየ እሷም ጠፋች።

ተነሣ። ስልኩን ከፊቱ ዘርግቶ ወደ ኮሪደሩ ወጣ፤ አንድ ቅስት መጣ። ሳሎን ገባ፤ ሞላ። ተመልሶ ወደ እናቱ ክፍል ሄደ፤ ጠፋ። እንግዶቹ ጠበል እንደሚረጭ ቄስ ስልኩን ዘርግቶ ሲመላለስ አይተው እርስ በርስ ተያዩ። «ምን ጠፋብህ?» አለው የአጎቱ ልጅ።

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይላሉ። ሰውየውም ሳሎን መሐል ቆሞ ከሥሩ ማሰብ ጀመረ። ባለፈው እሑድ ሠርቷል፤ ዛሬ አልሠራም። ስልኩ ያው ነው። ሰዓቱ ያው ነው። እንግዳ ያን ጊዜም ነበር፣ ዛሬም ሞልቷል። ታዲያ ያን ጊዜ የነበረ ዛሬ የሌለ ምንድን ነው? ዓይኑ ቡፌው ላይ አረፈ። ትሪዎቹ ጋሻ ለጋሻ እንደ ገጠመ ወታደር ቆመዋል። ባለፈው እሑድ ወጥተው ነበር።

«ቁልፉን ስጪኝ» አላት ሚስቱን።

«ምን ልታደርግ? ሰዎቹ በልተናል እያሉ!»

«ስጪኝ ብያለሁ።»

ከፈተ። አንዱን ትሪ አወጣና አጠገቡ ለተቀመጠው አስያዘው፤ ሁለተኛውን ለቀጣዩ ሰጠ። እንግዶቹ ባዶ ትሪ ታቅፈው ተፋጠጡ። ፔርሙዞቹን ምንጣፉ ላይ አሰለፋቸው። ከዚያ እጁን እስከ ብብቱ አስገብቶ ሳጥኑን ነካው፤ ከምድጃ እንደ ወጣ ዳቦ ግሏል። ከኋላው መስታወት፣ ከፊቱ ብረት፣ ከላዩ ልብስ፣ በሩ ላይ ቁልፍ፤ ምስኪኑ ሳጥን ታፍኖ ነው የኖረው። ከበሽተኛዋ ክፍል የሚያደርሰውን መንገድ ሁሉ እነሱ ራሳቸው በአክብሮት ዘግተውበታል። ሰውየው የገመዱን ክር በጠሰ፤ ተጠቅልሎ የኖረው ገመድ ረጅም ሆኖ ተገኘ። ሳጥኑን አቅፎ ወደ ኮሪደሩ ሄደ።

ከእናቱ ክፍል በር አጠገብ አንድ ሚስማር ነበር። ጃንጥላዋ የሚንጠለጠልበት ነው፤ ከወደቀችበት ቀን ጀምሮ ያልተነካ። ጃንጥላውን አወረደና አልጋዋ ራስጌ አኖረላት። ሚስማሩ ላይ ሳጥኑን ሰቀለው።

«ጫማ ከሚወልቅበት አጠገብ! እንዲህ ያለውን ዕቃ!» አለች ሚስቱ ከኋላው። «ሰው ምን ይላል?»

«ሰው ሳሎን ነው ያለው» አላት። «እኔ ያስገባሁት ለእሷ ነው።»

ተቀመጠና ራሱ ደወለ። የጭነት መኪናው ገና አልሄደም ነበር። እህቱ ደንግጣ አነሣች፤ «እማዬ ምን ሆነች?» አለች። ፊቷ አልደረቀም። ከጀርባዋ ገበያው፣ ፍየሎቹ፣ ጆንያ የሚጭኑት ሰዎች ሁሉ ጥርት ብለው ይታያሉ። ሰውየው ስልኩን ከግድግዳውና ከእናቱ ፊት መካከል ያዘላት።

እናትየው «ሰለቸሁሽ?» አለቻት።

«እኔ? እኔ!» አለች ልጅቷ፤ ድምፏ ተሰበረ። «አንቺ ነሽ እንጂ የምትዘጊብኝ! ታምመሽ ጥዬሽ ስለ ሄድኩ ተቀይመሽኝ ነው ብዬ፣ በየሳምንቱ መኪናው ላይ እያለቀስኩ ነው የምመለሰው!»

«እኔ ልዝጋብሽ? እጄ ይቆረጥ!»

አለቀሱ፤ ሁለቱም። ከዚያ አንዷ ሳቀች፤ የትኛዋ እንደ ጀመረች ሰውየውም አያውቅም። መኪናው ጡሩምባውን እስኪነፋ አወሩ። ሰውየው ከወንበሩ አልተነሣም፤ እንግዶቹም ትሪዎቻቸውን እንደ ታቀፉ አንድ በአንድ መጥተው በሩ ላይ ቆሙ።

ሚስትየው ለጥቂት ጊዜ አኮረፈች። ኋላ ዳንቴሏን ይዛ መጣችና «ይህንን ብቻ ላልብሰው» አለች። ሰውየው ቅስቶቹን አየና ፈቀደላት፤ ክር አያግድም። አሁንም እዚያ ቤት ብትሄድ ሚስማሩ ላይ ዳንቴል ለብሶ ታገኘዋለህ።

እንግዲህ ወደ አንተ ልመለስ፣ ደጀኔ። ያ ሰው እናቱን አይወድም ነበር ትለኛለህ? ሳጥኑ አይሠራም ነበር? ይሠራ ነበር፤ ሳሎን ላለው ሁሉ ሠርቷል። አንተም እንዲሁ ነህ። የልጅህን የምርቃት ፎቶ ሳሎንህ ውስጥ በወርቃማ ፍሬም ሰቅለሃል፤ የገባው እንግዳ ሁሉ ከፎቶው ሥር ተቀምጦ የልጅህን ጉብዝና ከአፍህ ሰምቷል። በእድሩ ድንኳን ውስጥ ካርታ ስንጫወት እንኳ ስለ እሱ ሳታወራ አትነሣም። እኔ ልጅህን እንደምትወደው አልጠራጠርም፤ ስንት ጊዜ ነግረኸኛል! ለእሱስ ነግረኸዋል? ሥራ ያጣ ጊዜ እኔ ቤት፣ እዚችው ወንበር ላይ ተቀምጠህ አለቀስክ። ቤትህ ገብተህ ግን «የሰው ልጅ የት ደረሰ» አልከው። እሱ በመጨረሻዋ ክፍል ሆኖ የሰማው ያንን ብቻ ነው። ፍቅርህን አክብረህ ቡፌ ውስጥ ቆልፈኸው ይኸው ሳሎን ተቀምጠህ ትለካለህ፤ «ሙሉ ነው፣ እሱ ለምን አይደርሰውም?» እያልክ ትጠይቀኛለህ።

ልጅህን አትጠርጥር፣ ጓደኞቹንም አትክሰስ፤ ሰው ጎረቤቱን በባዶው ከስሶ ምን እንዳገኘ ነግሬሃለሁ። ደግሞም አትፍራ። ያቺ እናት ፊቷን ወደ ግድግዳ ካዞረች በኋላ ነው ሳጥኑ የተሰቀለው፤ መኪናውም አልሄደም ነበር። ልጅህ ዛሬ ቤት ነው ብለኸኛል።

ተነሣ እንጂ። ወንበር ይዘህ ክፍሉ ግባና አጠገቡ ቁጭ በል። ምን ልበለው እንዳትለኝ፤ ለእኛ ስትነግረን የኖርከውን ንገረው።